በዋሽንግተንና አካባቢዋ ለምትኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያ መራጮች፦ ስለ ጤና መድን ከአንድ ወግ አጥባቂ የሒሳብ ሠራተኛ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ በተለይም እጩዎችን ወደ አዳራሻችን የምትጋብዙ የማኅበር መሪዎች፤

የኖቬምበሩ የኮንግረስ ምርጫ ሲቃረብ እጩዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን አዳራሾቻችን፣ ወደ መስጊዶቻችንና ወደ ማኅበር ስብሰባዎቻችን ይመጣሉ። እንጀራውን ይቀምሳሉ፣ “አመሰግናለሁ” ማለትን ይለማመዳሉ፣ ፎቶግራፍ ይነሳሉ። ከዚያም ስለ ጤና መድን ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ይሄዳሉ፤ እኛም አጨብጭበን እንሸኛቸዋለን። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ዘንድሮ ከማጨብጨባችን በፊት እንድንጠይቅ ነው።

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የታክስ ወቅት ሲደርስ ጠረጴዛዬ ፊት የሚቀመጡት አብዛኞቹ ታክሲና ኡበር የሚነዱ፣ ትንሽ ምግብ ቤት ወይም ግሮሰሪ ያላቸው፣ በየሰው ቤት እየሄዱ አረጋውያንን የሚንከባከቡ ሰዎች ናቸው። በፖለቲካ አቋሜ ደግሞ ወግ አጥባቂ ነኝ። ይህን በእኛ መካከል ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው ቡናው ሳይፈላ ጨዋታው እንደሚቀዘቅዝበት አውቃለሁ። ሆኖም የጤና መድን ክርክር በቋንቋችን ሲቀርብ ዘወትር በአንዱ ወገን አንደበት ስለሆነ፣ የሌላውን ወገን ሐሳብ የያዘ ሰው ጽፎ ማስቀመጥ አለበት ብዬ ተነሳሁ። (በደብዳቤው ያሉት ወራትና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሜ አንድ ነገር ላጥራ። ድሃ ሲታመም ዝም ብላችሁ እዩት የሚል ካለ ከእኔ ጋር አትቁጠሩት። እኔ የምከራከረው ገንዘቡ በማን እጅ ይግባ፣ ዋጋውንስ ማን አስቀድሞ ይወቀው በሚለው ላይ ነው። መንግሥት የሚረዳ ከሆነ የእርዳታው መጠን አስቀድሞ የታወቀ ይሁን፤ በግልጽ ከበጀት ይውጣ፤ ገንዘቡንም የሚያዝበት ታማሚው ይሁን። በማርች 2010 የተፈረመውና ኦባማኬር የምንለው ሕግ በእነዚህ በሦስቱም ላይ ተቃራኒውን መንገድ ይዟል።

ቨርጂኒያ ውስጥ አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ ዕድሜው 60 የሞላ፣ ኡበር የሚነዳ ሰው አስቡ። ስም አልሰጠውም፤ ብዙ ናችሁና። አሠሪ ስለሌለው መድኑን የሚገዛው መንግሥት ካቋቋመው የመድን ገበያ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ሲመዘገብ ቅጹ “በመጪው ዓመት ስንት ታገኛለህ?” ይለዋል። እርሱ ምን ያውቃል? ኤርፖርቱ ይሙቅ ይቀዝቅዝ፣ መኪናው ጋራዥ ትግባ አትግባ፣ አምላክ ነው የሚያውቀው። ገምቶ ይሞላል። መንግሥት በግምቱ ልክ ድጎማውን በየወሩ በቀጥታ ለመድን ድርጅቱ ይከፍላል፤ ሾፌሩ ገንዘቡን በዓይኑ አያየውም። ዓመቱ አልቆ የተከፈለውን ድጎማ የሚያሳየው 1095-ኤ የተባለው ወረቀት በፖስታ ሲመጣና ድጎማውን ከእውነተኛው ገቢ ጋር የሚያስተያየውን 8962 የተባለውን የታክስ ቅጽ ስንሞላ ግን ትርፍ የተከፈለ ካለ ዕዳው የሾፌሩ ይሆናል። ገንዘቡን የወሰደው ሌላ፣ የሚመልሰው ሌላ።

ለ2026 መድን ድጎማው የሚቆምበት መስመር ለነጠላ ሰው 62,600 ዶላር፣ ለአራት ሰው ቤተሰብ 128,600 ዶላር ነው፤ የፌደራሉ የድህነት ወለል አራት እጥፍ ማለት ነው። ገቢው ከዚያ ያለፈ ሰው ድጎማው ቀስ እያለ አይቀንስበትም፤ ጨርሶ ይቋረጥበታል። ለ60 ዓመት ሰው ሙሉ አረቦኑ፣ ማለትም የመድኑ ክፍያ፣ በብዙ ቦታ በወር ከሺህ ዶላር በላይ ነው። ቀድሞ ከመስመሩ በታች ለቆየ ሰው ግምቱ ቢሳሳት የሚመልሰው ገንዘብ ጣሪያ ነበረው። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ የታክስ ሕግ ያንን ጣሪያ ከ2026 የታክስ ዓመት ጀምሮ አንስቶታል፤ ይህን ያደረጉት ደግሞ የእኔው ወገን ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ዲሴምበር ላይ ሥራ የደራለት ሾፌር መኪናውን ቢያቆም ይሻለዋል የምንልበት ጊዜ ይመጣል። ሰው ሥራ ትቶ ቤቱ ቢቀመጥ የሚያተርፍበትን ሕግ ማን አርቅቆ ማን እንዳጸደቀው፣ ግራም ሆነ ቀኝ፣ ሊጠየቅ ይገባል።

ይህ የምክር ጽሑፍ ባይሆንም አንድ ነገር ጣል ላድርግ፤ ሙያዬ አያስችለኝም። ከ2026 ጀምሮ በመድን ገበያው የሚሸጡ “ብሮንዝ” የተባሉት፣ አረቦናቸው ዝቅ ያለ መድኖች ሁሉ የጤና ቁጠባ ሒሳብ (ለሕክምና የሚሆን ከታክስ ነፃ የግል ቁጠባ) ለመክፈት ያስችላሉ። ለ2026 ነጠላ ሰው እስከ 4,400 ዶላር፣ ቤተሰብ እስከ 8,750 ዶላር ማስገባት ይችላል፤ ዕድሜው 55 የሞላ ሰው አንድ ሺህ ይጨምራል። የገባው ገንዘብ ከገቢ ላይ ስለሚቀነስ ወደ መስመሩ የተጠጋን ሰው ከመስመሩ በታች ሊያቆየው ይችላል። ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ዘንድሮ ባይታመም ለከርሞ ያድራል። የጤና ቁጠባ ሒሳብ በ2003 ሕግ ሆኖ የወጣ የወግ አጥባቂዎች ሐሳብ መሆኑን የሚያውቅ ከደንበኞቼ ጥቂት ነው።

ዴሞክራት ወዳጆቼ “ያንን ድጎማው በአንዴ የሚቋረጥበትን ገደል እኮ በ2021 ደልድለነው ነበር” ይሉኛል። ልክ ናቸው። በዚያ ዓመት ድጎማውን ጨምረው ማንም ሰው “ሲልቨር” ለተባለው መካከለኛ ደረጃ መድን ከገቢው 8.5 በመቶ በላይ እንዳይከፍል አደረጉ፤ በ2022 ደግሞ እስከ 2025 መጨረሻ አራዘሙት። ገደሉን የቆፈረው ግን የ2010ሩ ሕግ ራሱ ነው፤ በተወካዮች ምክር ቤት 219 ለ212፣ ያለ አንድ የሪፐብሊካን ድምፅ ያለፈው ሕግ። ከጊዜያዊው ድጎማ በኋላ ምን እንደሚመጣ አራት ዓመት ሙሉ ያሰበበት አልነበረም። በኦክቶበር 2025 ጊዜው እያለቀ ሲመጣ የፌደራል መንግሥት ለ43 ቀናት ተዘጋ። ከመካከላችን የመንግሥት ሠራተኛ የሆኑት ያለ ደመወዝ ሰነበቱ፤ ምሳ የሚሸጡላቸውም አብረው ተጎዱ። በዚያ ሁሉ ቀን የተጨቃጨቁት ድጎማው ይቀጥል ወይስ ይቁም በሚለው ላይ ነበር። ድጎማው የሚሸፍነው ዋጋ ለምን እዚህ ደረሰ ብሎ የጠየቀ ቢኖር ድምፁ አልተሰማም።

እኔ ብሆን ድጎማውን በአንድ ሌሊት አልቆርጠውም ነበር፤ በየዓመቱ እያሳነስኩ፣ ከመስመሩ ላይ ያለውን ገደል ወደ ተዳፋት ለውጬ እቀጥል ነበር። ያለ ማሻሻያ ማራዘሙን ግን እቃወማለሁ። አረቦኑ በጨመረ ቁጥር ጭማሪውን ግብር ከፋዩ የሚሸፍን ከሆነ የመድን ድርጅቱም ሆነ ሆስፒታሉ ዋጋ የሚቀንስበት ምን ምክንያት አለው? ሕጉ ራሱ የመድን ድርጅቶች ከሚሰበስቡት አረቦን 80 ወይም 85 በመቶውን ለሕክምና ያውሉ ይላል። ሲሰሙት ደግ ነው። የቀረው 15 ወይም 20 በመቶ ከትልቅ ሒሳብ ሲወሰድ ግን ትልቅ እንደሚሆን ማንም ነጋዴ ያውቃል።

ወጣቶቻችንንም አንርሳ። ሕጉ የ64 ዓመት ሰው አረቦን ከ21 ዓመት ወጣት ከሦስት እጥፍ በላይ እንዳይሆን ይከለክላል። የዕድሜ ባለጸጋው የሚያስወጣው የሕክምና ወጪ ግን ከዚያ በጣም ይበልጣል፤ ልዩነቱን የሚሞላው ወጣቱ ነው። ሽማግሌ ይረዳ ማለት መልካም ነው፤ ከተረዳ ግን በግልጽ ከበጀት ይረዳ እንጂ የዩኒቨርሲቲ ዕዳውን ገና ባልጨረሰ ልጅ አረቦን ውስጥ አይደበቅ። “መድንህን ከወደድከው ይዘኸው ትቆያለህ” የተባለውንም እናስታውሳለን። በ2013 መጨረሻ የስረዛ ደብዳቤ በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሰዎች ደረሰ፤ ፕሬዚዳንት ኦባማም በቴሌቪዥን ቀርበው ይቅርታ ጠየቁ።

የነገሩ ሥር ግን ከኦባማም ይቀድማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942፣ መንግሥት ደመወዝ እንዳይጨመር ገደብ ጣለ። አሠሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ በደመወዝ ፈንታ የጤና መድን መስጠት ጀመሩ፤ በ1954 የወጣው የታክስ ሕግ ይህ መድን ከታክስ ነፃ መሆኑን አጸና። አሜሪካዊ መድኑን ከአሠሪው ጋር ያሰረው አንድም ጥበበኛ አስቦበት አይደለም፤ የጦርነት ጊዜ ደንብ ሳይነቀል ቀርቶ ነው። ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማን ይህንኑ ደጋግመው ተናግረዋል። ዛሬ አሠሪ የሚያቀርበው የቤተሰብ መድን በአማካይ በዓመት ወደ 27 ሺህ ዶላር ደርሷል። ያ ገንዘብ የአሠሪው ስጦታ አይደለም፤ ለሠራተኛው ሊከፈል ይችል የነበረ ደመወዝ ነው። የታክስ ነፃነቱም ገቢው ከፍ ላለ ሰው የበለጠ ይጠቅማል፤ ዋሽንግተን መሐል ኬ ጎዳና ላይ ቢሮ ያለው ጠበቃ ከሕንጻው ሥር መኪና ከሚያቆምለት ወንድማችን የሚበልጥ እርዳታ ከመንግሥት ያገኛል። ሥራ የለወጠ ሰው ደግሞ መድኑንም ሐኪሙንም አብሮ ይለውጣል።

የ2010ሩ ሕግ በዚህ የተጣመመ መሠረት ላይ ሌላ ሸክም ጫነበት። 50 ሠራተኛ ያለው ድርጅት በሳምንት 30 ሰዓት ለሚሠራ ሁሉ መድን ያቅርብ፣ አለዚያ ቅጣት ይክፈል አለ። በሆቴልና በችርቻሮ የምትሠሩ እህቶቼ የሥራ ሰዓታችሁ 28 ወይም 29 ላይ ቆሞ ሁለተኛ ሥራ የምትፈልጉበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሪፐብሊካኑ ጆን ማኬይን በ2008 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ያቀረቡት ሐሳብ ለእኔ እስካሁን ከሁሉ ይሻላል፦ የአሠሪ መድን የሚያገኘውን የታክስ ነፃነት አንስቶ ለግለሰብ 2,500፣ ለቤተሰብ 5,000 ዶላር የታክስ ክሬዲት (ከታክስ የሚታሰብ እርዳታ) መስጠት። መጠኑ ዛሬ ከፍ ማለት አለበት። ግን ሾፌሩ ገቢውን መገመት አይኖርበትም፤ ሥራ ሲለውጥ አብሮት ይሄዳል፤ ጠበቃውም መኪና አቁሚውም እኩል ይወስዳሉ።

ዋጋን በተመለከተ ለቨርጂኒያ ነዋሪዎች የተለየ ነገር አለኝ። በእኛ ስቴት አንድ ሐኪም በራሱ ገንዘብ የኤምአርአይ መሣሪያ ገዝቶ አገልግሎት ልጀምር ቢል መጀመሪያ “ሕዝቡ ያስፈልገዋል” የሚል ፈቃድ ከስቴቱ ማግኘት አለበት። አካባቢው ያሉ ሆስፒታሎች ቀርበው አያስፈልግም ብለው ሊከራከሩት ይችላሉ። ነጋዴ የሆናችሁ አስቡት፦ ምግብ ቤት ለመክፈት ከጎረቤት ምግብ ቤት አስተያየት ሲጠየቅ። ይህ ዓይነቱ ደንብ በ1964 በኒው ዮርክ ተጀመረ፤ በ1974 ኮንግረስ ስቴቶች ሁሉ እንዲከተሉት ገፋ፤ ወጪ እንደማይቀንስ ሲታይ በ1986 የፌደራሉን ሕግ ራሱ ሻረው። ብዙ ስቴቶች ግን እስከ ዛሬ ይዘውት ቀርተዋል። በዚህ ላይ የ2010ሩ ሕግ ሐኪሞች በባለቤትነት የሚይዟቸው አዳዲስ ሆስፒታሎች ሜዲኬር በተባለው የአረጋውያን የመንግሥት መድን ለሚታከሙ ሰዎች ሒሳብ እንዳይጠይቁ ከልክሏል፤ ይህም እንዳይከፈቱ ከመከልከል አይተናነስም። በዚህ ከተማ ስንት ኢትዮጵያዊ ሐኪም እንዳለ እናንተው ታውቃላችሁ። ገንዘብ አዋጥተው፣ ቋንቋችንን የሚናገር ነርስ ቀጥረው ሆስፒታል እንዳይከፍቱ በሩን የዘጋባቸው ይህ አንቀጽ ነው።

በኦክላሆማ ሲቲ አንድ የቀዶ ሕክምና ማዕከል አለ። ከ2009 ጀምሮ የእያንዳንዱን ቀዶ ሕክምና ዋጋ ሐኪሙንም ማደንዘዣውንም ጨምሮ ለሕዝብ ይፋ አድርጎ ለጥፏል። ታማሚው ከመግባቱ በፊት ያውቃል፤ ከወጣ በኋላ ሌላ ወረቀት አይከተለውም። ሆስፒታሎችም ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ ዋጋቸውን ይፋ እንዲያደርጉ የፌደራል ደንብ ያስገድዳቸዋል። ይፋ የሚያደርጉበት መንገድ ግን የኮምፒውተር ባለሙያ ካልሆነ ማንም የማይከፍተው ፋይል ሲሆን ይታያል። ደንቡ የትራምፕ አስተዳደር ነው፤ የባይደንም አስተዳደር አልሻረውም። ሁለቱ የተስማሙበት ነገር እንደዚህ ደካማ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ። “አስቀድሞ የታመመውስ?” ትሉኛላችሁ። ስኳርና ደም ግፊት የሌለበት ቤት በማኅበረሰባችን ስለማይገኝ ጥያቄው የሁላችንም ነው። ወግ አጥባቂዎች እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ተንተባትበዋል። ከ2010 በፊት ከ30 በላይ ስቴቶች ለታመሙ ሰዎች የተለየ የመድን ቋት ነበራቸው፤ ሐሳቡ ትክክል፣ በጀቱ ግን የይስሙላ ስለነበር ተራ የሚጠብቀው በዛ። የተሻለውን መንገድ ያየነው ወንዙን ተሻግረን ሜሪላንድ ነው። ሪፐብሊካኑ ገዥ ላሪ ሆገን ከዴሞክራት ምክር ቤት ጋር ተስማምተው፣ በጣም ውድ የሆነውን የጥቂት ታማሚዎች ወጪ የሚሸፍን የጋራ ገንዘብ አቋቋሙ። ለ2019 በ30 በመቶ ሊጨምር ይችላል የተባለው የግል መድን አረቦን በአማካይ በ13 በመቶ ቀነሰ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ደንበኞቼ ወረቀታቸው ላይ አይተውታል። የታመመውን በቀጥታና በግልጽ እርዳ፤ የጤነኛውን ዋጋ አታዛባ። እኔ የምለው ይኸው ነው።

መንግሥት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ስለሚሰጠው የጤና መድን፣ ስለ ሜዲኬይድ፣ ባጭሩ። በኦሪገን በ2008 ሜዲኬይድ በዕጣ ስለተሰጠ ተመራማሪዎች የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ማወዳደር ቻሉ። በ2013 የወጣው ውጤት እንዳሳየው የደረሳቸው የገንዘብ ጭንቀታቸውና የመንፈስ ጭንቀታቸው ቀንሷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሁለት ዓመት ውስጥ በደም ግፊታቸው፣ በኮሌስትሮላቸውና በስኳራቸው ላይ ግን ልዩ ነው የሚባል መሻሻል አልተገኘም። ካርድ መያዝና ሐኪም ማግኘት አንድ አይደሉም፤ ሜዲኬይድ ለሐኪሞች የሚከፍለው አነስተኛ ስለሆነ ብዙዎቹ ታማሚውን አይቀበሉም። ከ2027 ጀምሮ መሥራት የሚችል አዋቂ በወር 80 ሰዓት መሥራቱን ወይም መማሩን ያሳይ የሚለውን ደንብ በመርህ እደግፋለሁ። የእኛ ሰው ከዚያ በላይ ነው የሚሠራው። የምፈራው ቅጹን ነው። አርካንሳስ በ2018 ተመሳሳይ ደንብ ስታወጣ ከ18 ሺህ በላይ ሰዎች ሜዲኬይድ አጡ፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሥራ ሳያጡ ወረቀት ያልሞሉ ነበሩ። የማኅበር መሪዎች፣ ቨርጂኒያ ቅጹን በአማርኛ እንድታዘጋጅ ከአሁኑ ጠይቁ።

ስለ እድራችን ደግሞ ልናገር። በ2010ሩ ሕግ ውስጥ የአባላታቸውን የሕክምና ወጪ የሚጋሩ የሃይማኖት ማኅበራት አባላትን፣ ሁሉም ሰው መድን ይኑረው ከሚለው ግዴታ ነፃ የሚያደርግ አንቀጽ አለ። ነፃነቱ የተሰጠው ግን ከዲሴምበር 31 ቀን 1999 ጀምሮ ያለማቋረጥ ለኖሩ ማኅበራት አባላት ብቻ ነው። ግዴታውን የጣሰ የሚከፍለው ቅጣት ከ2019 ጀምሮ ዜሮ ቢሆንም ቀኑ እስከ ዛሬ በሕጉ ላይ አለ። አንድ ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ ያለ ማኅበር ዛሬ ላቋቁም ቢል በሕጉ ዓይን የለም። ወጪ መጋራት መድን አይደለም፤ ቃሉን ሳይጠብቅ የከሰረ ማኅበር ታይቷል፤ ስለዚህ ቁጥጥር ያስፈልጋል። ነገር ግን ሬሳ ወደ አገር ቤት ለመላክ በሁለት ቀን ገንዘብ የሚያሰባስብ ሕዝብ፣ በሕይወት ላለው ታማሚም እንዲሁ ልደራጅ ሲል ዋሽንግተን ዘግይተሃል የምትልበት ምክንያት አይገባኝም።

ወገኔንም አልምርም። ሪፐብሊካኖች “ሽረን እንተካዋለን” ሲሉ ሰባት ዓመት ቆዩ። በ2017 ሦስቱም የሥልጣን በሮች፣ ፕሬዚዳንትነቱም ሁለቱም ምክር ቤቶች፣ በእጃቸው ሳሉ ያወጡት ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት 217 ለ213 አልፎ፣ ጁላይ 28 ሌሊት የመጨረሻው ሙከራ በሴኔት 49 ለ51 ወደቀ። በዕድሜ የሚለያይ ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር ክሬዲት የሚለው ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ለድሃ አዛውንት ግን መጠኑ አይበቃም ነበር። ያንን ከማስተካከል ይልቅ ርዕሱን ጥለውት ሄዱ። አሁን ደግሞ በ2025ቱ ሕግ በሕጋዊ መንገድ ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችና ስደተኞች ከ2027 ጀምሮ የመድን ድጎማ እንዳያገኙ አደረጉ። ይህንን በፍጹም አልቀበልም። መንግሥት ራሱ መርምሮ ያስገባው፣ ሥራ ይዞ ግብር የሚከፍል ሰው ከጎረቤቱ ተለይቶ የሚከለከልበት የወግ አጥባቂነት መርህ የለም። ሕግ አክብሮ የገባን ማክበር የእኛ ወገን መፈክር አልነበረም እንዴ?

የማኅበር መሪዎች፣ እጩ ስትጋብዙ ማይክሮፎኑን ለሾፌሩ ስጡልኝ። ዴሞክራቱ ሲመጣ ድጎማው እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ከየት እንደሚከፈልና አረቦኑን በምን እንደሚያወርደው ይጠይቀው። ሪፐብሊካኑን 62,601ኛዋን ዶላር ያገኘ ሰው ምን እንደሚሆን፣ የጥገኝነት ወረቀት የያዘው ወንድሙስ ምን እንዳጠፋ ይጠይቀው። ሪችመንድ ለሚሰበሰበው ለቨርጂኒያ ስቴት ምክር ቤት የሚወዳደር ከመጣ ደግሞ የኤምአርአዩን ፈቃድ ጉዳይ አንሱበት፤ ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ሕግ መኖሩን ስለማያውቁ መልሱን በጽሑፍ እንዲልክ ቀን ቁረጡለት። እኔ ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ፤ ጥያቄ ካለቀባችሁ የተረፉኝ አሉ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከሰሜን ቨርጂኒያ